አንድ ወረቀት፣ ሁለት ንባብ

ጥያቄው የመጣው ከሰላ ድንጋይ ወረድ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። ጠያቂዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅኑን የዓመት ገቢና ወጪ በትልቅ ወረቀት ጽፈን ስብሰባ ላይ ለጠፍን። ድሮም የሚደግፉት ‹ይኸው፣ ሠርቷል› አሉ። ድሮም የሚቃወሙት ‹ይኸው፣ ተበልቷል› አሉ። ወረቀቱ አንድ ነው። አባቴ ከሁለተኞቹ ናቸው። ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው፤ ጭራሽ ባሰባቸው። አባቴ እኮ ያልተማሩ ሰው አይደሉም፣ የዕድራችን ጸሐፊ ናቸው። ይኼ አለማወቅ ነው ወይስ ግትርነት? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ሁለቱም አይመስለኝም። «የዕድራችን ጸሐፊ ናቸው» ያልሽው ግን ቀልቤን ስቦታል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። ሙያዬ ሰው ስለ ጤናው እንዴት አስቦ እንደሚወስን ማጥናት ነው። ተማሪም አስተምርበታለሁ። ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን አንድ ክሊኒክ ገብቼ ግፊቴን ተለካሁ። ከፍ ብሏል ተባልኩ። «በእግሬ እየተጣደፍኩ ስለመጣሁ ነው» አልኩ። ሌላ ቦታ ሄጄ ተለካሁ። አሁንም ከፍ ብሏል። «ማሽኑ ነው» አልኩ። ሦስተኛ ቦታ ሄድኩ። ደህና ነው ተባልኩ። እዚያ ላይ መለካት አቆምኩ። ያ ሦስተኛው ማሽን ይሠራ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከመጀመሪያውኑ «ደህና ነህ» ቢሉኝ ኖሮ አንዴ ተለክቼ ነበር ወደ ቤቴ የምገባው። እየተጣደፍኩ መምጣቴም ትዝ አይለኝም ነበር።

ይኼ የኔ ብቻ አመል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ፒተር ዲቶና ዴቪድ ሎፔዝ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ቢጫ ወረቀት ሰጡ። በምራቃችሁ አርጥባችሁ ራሳችሁን መርምሩ አሏቸው። ለግማሾቹ «ቀለሙ ከተቀየረ ጤነኛ ናችሁ» ተባለ። ለግማሾቹ ደግሞ «ከተቀየረ ችግር አለባችሁ»። ወረቀቱ ተራ ወረቀት ነው፤ እስከ ማታ ቢነከር አይቀየርም። አለመቀየሩ ጤና ነው የተባሉት ቶሎ «ጨርሻለሁ» አሉ። አለመቀየሩ በሽታ ነው የተባሉት ግን ጠበቁ። ደግመው ሞከሩ። እንደኔ ማለት ነው።

እኛ በሙያችን ይኼን ፍላጎት የሚመራው ማሰብ እንለዋለን። ነገሩን በደንብ ያሳየችው ዚቫ ኩንዳ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጽሑፍ። ያለችው በአጭሩ ይኼ ነው። ሰው ያሻውን ሁሉ እንዲያው አያምንም። ምክንያት ይፈልጋል። ሌላ ሰው ሰምቶ «እውነት ነው» የሚለው ዓይነት ምክንያት። ፍላጎቱ የሚሠራው የትኛውን ምክንያት እንደሚያነሳና መቼ ፍለጋውን እንደሚያቆም መወሰን ነው። ቶማስ ጊሎቪች የሚባል ሌላ ተመራማሪ ደግሞ በሁለት ጥያቄ ይለየዋል። የምንወደው ነገር ሲመጣ «ይኼን ማመን እችላለሁ?» እንላለን። የማንወደው ሲመጣ «ይኼን ማመን ግዴታዬ ነው?» እንላለን። ለመጀመሪያው አንድ ማስረጃ ይበቃል። ለሁለተኛው መቶም ላይበቃ ይችላል።

ይኼ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በድሮው ሙግት «በላ ልበልሃ» ብሎ የተነሳ ሰው እውነቱን ሊፈልግ አልነበረም የሚቆመው። ሊረታ ነው። እውነቱን መፈለግ የዳኛው ሥራ ነው። እያንዳንዳችን ጭንቅላታችን ውስጥ ዳኛ የተቀመጠ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ የተቀመጠው ግን ጠበቃ ነው። ክፋቱ ደግሞ የዳኛ ካባ ለብሷል።

ያንቺን ስብሰባ ቁርጥ የሚመስል ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ቻርልስ ሎርድ፣ ሊ ሮስና ማርክ ሌፐር በሞት ቅጣት ላይ ጠንካራ አቋም ያላቸው 48 ተማሪዎችን ሰበሰቡ። ግማሾቹ ደጋፊ፣ ግማሾቹ ተቃዋሚ። ሁሉንም ሁለት ጥናት አስነበቧቸው። አንዱ ቅጣቱ ወንጀል ይቀንሳል ይላል፣ ሌላው አይቀንስም ይላል። ደጋፊው ለእሱ የሚስማማውን «በደንብ የተሠራ» አለው፣ የማይስማማውን «ቀዳዳው ብዙ»። ተቃዋሚውም እንደዚያው፣ በግልባጩ። አንብበው ሲጨርሱ ሁለቱም ወገን «አቋሜ ይበልጥ ጠነከረ» አለ። ያው አንድ ወረቀት አንብበው።

አሁን ወደ አባትሽ። ለምን ባሰባቸው? አንቺ ቁጥር የሚችል ሰው በቁጥር ይረታል ብለሽ ነው። ልማዱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዳን ካሃንና ባልደረቦቹ አንድ ዓይነት የቁጥር ሰንጠረዥ በሁለት ስም አዘጋጁ። ለአንዳንዱ ሰው ስለ ቆዳ ቅባት ነው ተባለ፣ ለሌላው ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር። ቅባቱ ላይ ሒሳብ የሚችሉት ሰዎች በትክክል አነበቡት። ወደ መሣሪያው ሲመጣ ግን ከሁሉም ይበልጥ የተለያዩት እነዚያው ሒሳብ የሚችሉት ሆኑ። እያንዳንዱ ችሎታውን ያወጣው ቁጥሩ ከወገኑ ጋር ሲጣላ ነው። በኋላ ሌሎች ደግመው ሲሞክሩት ልዩነቱ ከመጀመሪያው አነስ ብሎ ነው የተገኘው። ስለዚህ ብዙ አልደገፍበትም። ግን ሒሳብ መቻል ብቻውን ሰውን ዳኛ እንደማያደርገው ያሳያል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ? ብልህም አይለቅም። እንዲያውም ብልሁ ለምን እንደማይለቅ በአሥር ነጥብ ያስረዳሻል። አባትሽ ማታ ያደረጉት ይኼንኑ ይመስለኛል።

እና ምንድን ነው የያዙት? እኔ ከሩቅ ስለሆንኩ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። ግን በየገጠሩ ስዞር የማየውን ልንገርሽ። ሰው የጤና መድኅንን ሲቃወም ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ መድኅኑ አይደለም። አምና ስለተዋጣና ደረሰኝ ስላልተሰጠበት ገንዘብ ነው። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ሳይሰሙት ስላለፉት ነው። መድኅኑን ይዞ የመጣው ያው ሊቀመንበር ስለሆነ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ዳውላው መድኅኑ ሆነና ዱላው እሱ ላይ አረፈ።

ነገሩን ማን አመጣው የሚለው ምን ያህል እንደሚጎትት ፈረንጆቹም ዘንድ ታይቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የጤና መድኅን ሕግ አላት። የሕጉ ስም ሌላ ነው፤ ሕዝቡ ግን «ኦባማኬር» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ባስጠናው የሕዝብ አስተያየት፣ «ኦባማኬር» ተብለው የተጠየቁት 46 በመቶ ተቃወሙ። በሕጉ ስም የተጠየቁት ግን 37 በመቶ። አንድ ሕግ ነው እኮ! በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ጄፍሪ ኮኸን የሚባል ተመራማሪ ለተማሪዎች የድጎማ ፖሊሲ አስነብቦ ነበር። የኛ ፓርቲ ደግፎታል ሲባሉ ይደግፋሉ፣ ይዘቱ ከእምነታቸው ጋር ቢጣላም። ለምን ደገፋችሁ ሲባሉ ግን «ይዘቱን አይቼ ነው» ይላሉ። ውሸታቸውን አይደለም። እንደዚያ ነው የሚመስላቸው።

እስካሁን አባትሽን ብቻ ወነጀልኩ። አሁን ወደኛ ወደ ደመወዝተኞቹ ልምጣ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ነውና ነገሩ።

የማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ ገበሬውን «አደጋን መካፈል ነው፣ ዛሬ ያልታመመ ለታመመው ይከፍላል፣ ነገ ተራው ይዞራል» እያለ ያስተማረው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለራሱ ለሠራተኛው ደግሞ ሌላ አዋጅ ወጥቶለታል፤ የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002። ከደመወዙ 3 በመቶ ሠራተኛው፣ 3 በመቶ አሠሪው ያዋጣል ተባለ። ይጀመራል ሲባል ያንን ሁሉ ያስተማረ ሠራተኛ ምን አለ? «እኔ አልታመምም።» «የመንግሥት ሆስፒታል መድኃኒት የለውም።» «ገንዘቡን ማን ይቆጣጠረዋል?» ጅማሮውም ደጋግሞ ተራዘመ። ከጉረምራሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ያንን 3 በመቶ ለማፍረስ የደረደርኩት ምክንያት ያስገርምሽ ነበር። በሳምንቱ ክፍል ገብቼ ስለ አደጋ መካፈል አስተማርኩ። ሁለቱ የተጋጩብኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

አንቺም ብትሆኚ ንጹሕ ነሽ አልልም፣ አትቀየሚኝ። ወረዳው «ስንት ቤተሰብ አስመዘገብሽ?» ብሎ ይጠይቅሻል። ቁጥርሽ ከጎረቤት ቀበሌ ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። ስለዚህ መድኅኑን የሚያመሰግን ሰው ስታገኚ ታምኛለሽ፤ የሚያማርር ስታገኚ «ግንዛቤ ይጎድለዋል» ብለሽ ትጽፊያለሽ። «ግንዛቤ ይጎድለዋል» የምትለዋን ቃል እኔም በሪፖርት ብዙ ጊዜ ጽፌያታለሁ። የዳኛ ካባ የለበሰ ጠበቃ ማለት እሷ ናት።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ተቃውሞ ሁሉ የአስተሳሰብ መዛባት አይደለም። አንድ ገበሬ መዋጮውን ከፍሎ፣ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ጠብቆ፣ በመጨረሻ «መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ» ተብሎ ከግል ፋርማሲ በኪሱ ከገዛ፣ «መድኅኑ አይጠቅመኝም» ማለቱ ምን ችግር አለው? ያየውን ነው የተናገረው። ለእሱ የአስተሳሰብ ትምህርት ሳይሆን አሞክሳሲሊን ነው የሚያስፈልገው። እኛ ባለሙያዎች ሕዝብ የማይወደውን ነገር ሁሉ በሥነ ልቦና ስም መጥራት እየለመድን ነው። ይኼ ራሱ ፍላጎት የሚመራው ማሰብ ነው። ጥፋቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ከሆነ መደርደሪያውን ማየት አይጠበቅብንማ።

ሁለቱን እንዴት ትለያለሽ? እኔ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። «ምን ቢሆን ሐሳብዎን ይቀይሩ ነበር?» እላለሁ። «መድኃኒቱ ቢገኝ»፣ «ሪፈር ሳያጉላሉኝ ቢሰጡኝ» ካለ ሰውየው ያየውን ነው የሚነግርሽ። «ምንም ቢሆን» ካለ ወይም አንዱን ስትመልሺለት ሌላ ካመጣ፣ ያኔ ጠበቃው ተነስቷል። ጥያቄውን ለራስሽም ጠይቂው። ምን ብታዪ መድኅኑ በቀበሌሽ አልሠራም ትያለሽ? መልስ ካጣሽ ከአባትሽ ጋር እኩል ናችሁ።

አሁን የዕድሩን ነገር ላንሳ። አባትሽ የዕድር ጸሐፊ ናቸው። ዕድር ምንድን ነው? መድኅን ነው። በየወሩ ይከፈላል። በቤቱ ሞት ያልገባ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከፍሎ ምንም አይወስድም። ታዲያ ዓመቱ ሲያልቅ «ዘንድሮ አልሞተብኝምና ገንዘቤን መልሱ» ያለ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እግዜር ይመስገን ብሎ ለከርሞ ይከፍላል። ጤና መድኅን ላይ ግን ያው ሰው «ከፈልኩ፣ አልታመምኩም፣ ከሰርኩ» ይላል። ሐሳቡን ስላላወቀው እንዳልሆነ ይኼ ብቻ ይበቃል። አደጋ መካፈልን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል።

ልዩነቱ ሌላ ነው። የዕድሩ ድንኳን ይታያል። ሳህኑና ብርጭቆው ይቆጠራል። ዳኛው ጎረቤት ነው፣ ቢሰርቅ ቤቱ ይታወቃል። መዝገቡ በጉባኤ ይነበባል። ያንን መዝገብ የሚያነቡት ደግሞ አባትሽ ናቸው። እስቲ አንቺ የለጠፍሽውን ወረቀት በእሳቸው ዓይን እዪው። ወጪው በአንድ መስመር «ለሕክምና አገልግሎት» ተብሎ በድምሩ የተጻፈ ይሆን? ለየትኛው ጤና ጣቢያ ስንት፣ ለሪፈር ሆስፒታሉ ስንት፣ ለስንት ሕመምተኛ፣ ተለይቷል? በዕድር መዝገብ ላይ «ለልዩ ልዩ» ተብሎ ትልቅ ገንዘብ ቢጻፍ ጉባኤው ያሳልፈዋል? አባትሽ ማታ የተቆጡት አንቺ ቁጥር ያላወቁ አድርገሽ ስላስረዳሻቸውም ሊሆን ይችላል። ልጅ ለአባት፣ ያውም ለመዝገብ ሰው።

ስለዚህ የማደርገው የመጀመሪያው ነገር ወረቀቱን ለእሳቸው መስጠት ነው። እንዲያምኑት አይደለም፣ እንዲመረምሩት። «አባዬ፣ የዕድር ሒሳብ ቢሆን እዚህ ላይ ምን ይጎድላል?» በያቸው። እስክሪብቶም ስጪያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ዝም ማለቱ ይከብድሻል፣ አውቃለሁ።

ይኼ ብልጠት ብቻ አይደለም፣ ጥናትም አለበት። ኩንዳ እ.ኤ.አ. በ1987 ካፌይን ለሴቶች ጤና አደጋ አለው የሚል ጽሑፍ ለተማሪዎች አስነብባ ነበር። ቡና የሚያበዙት ሴቶች ከሌሎቹ ሴቶች ያነሰ አመኑት። ወንዶቹ ላይ፣ ቢያበዙም ባያበዙም፣ ልዩነት አልታየም፤ አደጋው እነሱን አይነካማ። (እናቴ ብታነበው «ሦስተኛውን ሳልጠጣ አላወራህም» ትል ነበር።) እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ዴቪድ ሸርማንና ባልደረቦቹ ይኼንኑ የመሰለ ጽሑፍ ቡና ለሚጠጡ ሴቶች ሰጡ። ከማንበባቸው በፊት ግን ግማሾቹን በሕይወታቸው ትልቅ ቦታ ስለሚሰጡት ነገር እንዲያስቡ አደረጓቸው። እነዚያ መልእክቱን ተቀበሉት። ክብሩ ያልተነካ ሰው መጥፎ ዜና የመስማት አቅም አለው ማለት ነው። ለአባትሽ ያ ትልቅ ቦታ የሚሰጡት ነገር የዕድሩ መዝገብ ይመስለኛል።

ሌላም ጠቃሚ ነገር አለ። እነ ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1984 ተመልሰው ሰዎችን «እባካችሁ ሚዛናዊ ሁኑ» ብለው ለመኑ። ምንም አልጠቀመም። ሁሉም ራሱን ሚዛናዊ አድርጎ ነው የሚያየው። «ይኼው ጥናት በተመሳሳይ አሠራር ተቃራኒ ውጤት ቢያመጣ ኖሮ እንዲሁ ትተቸው ነበር?» ብለው ሲጠይቁ ግን ዝንባሌው ቀነሰ። ስብሰባ ላይ ይኼን ለሁለቱም ወገን ጠይቂ። ለተቃዋሚው ብቻ ከጠየቅሽ ግን ወጥመድ መሆኑን ያውቅብሻል። ለደጋፊውም፦ «ይኼ ወረቀት ኪሳራ ቢያሳይ ኖሮ ‹ደረሰኙ የታለ?› ትል ነበር?» በይው።

«ማስረጃ መስጠት እልኽ ያስገባል፣ ተይው» የሚሉሽ ካሉ ሙሉ በሙሉ አትስሚያቸው። አንድ ሰሞን በእኛ ሙያ እንደዚያ ይባል ነበር። በኋላ ቶማስ ውድና ኢታን ፖርተር ከ10,000 በላይ ሰዎች ላይ በ52 ጉዳዮች ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2019 አሳተሙ። ሰው በአብዛኛው ትክክለኛ መረጃ ሲሰጠው እውቀቱን ያስተካክላል። መረጃውን ተቀብሎ አቋሙን አለመቀየሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን መለጠፍሽን አትተይ። አባትሽ ቁጥሩን ይዘውታል፤ ያልያዙት ድምዳሜሽን ነው።

በስብሰባ መካከል ግን አትከራከሪያቸው። በሰው ፊት «አልከፍልም» ያለ ሰው በሰው ፊት «እከፍላለሁ» ለማለት ዋጋው ውድ ነው። መዋጮ የሚሰበሰበው ምርት ከገባ በኋላ ስለሆነ ጊዜ አለሽ። ሐሳባቸውን ቢቀይሩ እንኳ ተሸነፉ የማይባልበትን በር ክፈቺላቸው። «ሒሳቡ እንደጠየቅኩት ተስተካክሎ ቀረበ፣ ስለዚህ ከፈልኩ» ማለት ይችላሉ። ያ ሽንፈት አይደለም፣ ጸሐፊነት ነው።

ምናልባት ደግሞ መርምረው «እዚህ ላይ ገንዘብ ጎድሏል» ሊሉሽ ይችላሉ። ትክክልም ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ የመጀመሪያ ሐሳብሽ «አባዬ አልገባቸውም» የሚል ይሆናል። የኔን ሦስት ማሽን አስቢ። ያሉትን ጽፈሽ ለወረዳው የመድኅን ክፍል አቅርቢው፣ መልሱንም በዚያው ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደሽ መደርደሪያውን እዪ። ለሕፃን የሚሰጠው ሽሮፕ አለ? የግፊትና የስኳር መድኃኒቱስ? ከሌለ ስንት ጊዜው ነው? ያንን ሳታውቂ ወደ አባትሽ አትመለሺ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እሱ ነው የሚሆነው።